ከታች አክሪሊክ፣ ከላይ ዘይት

የዚህ ምልልስ ተናጋሪዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ዕድሜውን ሙሉ የዘይት ቀለም ሥዕሎችን ሲገዛ የኖረ ሰብሳቢ ነው፤ ሁለተኛዋ በአንድ ሸራ ላይ አክሪሊክም ዘይትም የምትጠቀም ሠዓሊ ናት። ሁለቱንም የፈጠርኳቸው ለክርክሩ ስል ነው፤ የሚከራከሩበት ጉዳይ ግን ቡሩሽ በያዘ ሰው ሁሉ ዘንድ የሚነሳ ነው። ለሠዓሊዋ ማድላቴን አንባቢ ቶሎ ስለሚደርስበት ከወዲሁ ብናገር ይሻላል። ሰውየው ግን በቀላሉ የሚረታ አይደለም።

ሰብሳቢ፦ ልጄ፣ ሥዕሉን ወድጄዋለሁ። ያልወደድኩት ከጎኑ የተለጠፈውን ወረቀት ነው። «አክሪሊክና ዘይት በሸራ ላይ» ይላል። አክሪሊክ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ነው፣ ዘይቱም ያው ዘይት ነው፤ ሁለቱ እንደማይስማሙ ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ያምር ይሆናል። ለልጆቼ የማወርሰው ሥዕል አሥር ዓመት ሳይሞላው እየተላጠ መሬት ላይ ቢራገፍ ግን ለማን አቤት እላለሁ? ሁለቱም የየራሳቸው ሙያ ያላቸው ቀለሞች ናቸው። አንዱን መርጠሽ ብትሠሪ ምን ይጎድልብሻል?

ሠዓሊ፦ ጋሼ፣ መፍራትዎ ትክክል ነው፤ የፈሩት ነገር ግን ሸራው ላይ የለም። ዘይትና ውሃ የሚጣሉት ሁለቱም እርጥብ ሳሉ ነው። ስለዚህ ፓሌት ላይ አልቀላቅላቸውም፣ ማንም ሠዓሊ መቀላቀል የለበትም። ሸራ ላይ ያለው ታሪክ ሌላ ነው። አክሪሊክ ማለት በውሃ ውስጥ የተበተኑ እጅግ ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ከቀለሙ ዱቄት ጋር ናቸው። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፣ ይጣበቃሉ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ወጥ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። ቅቡ ስስ ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ እጅ አይዝም፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ ቢያፈሱበትም ተመልሶ አይሟሟም። የዘይት ቀለም የሚደርቀው በሌላ መንገድ ነው። ተርፐንታይን ካልጨመሩበት በስተቀር ከውስጡ ይህ ነው የሚባል የሚተን ነገር የለም። የተልባው ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ራሱ ይለወጣል፣ ይጠጥራል፤ እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ክብደት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። (የወይራ ዘይት ይህ ጠባይ ስለሌለው ነው ለሥዕል የማይሆነው፤ ዝንተ ዓለም ቢጠብቁት አይደርቅም።) ላይ ላዩን ለመድረቅ ቀናት ወይም ሳምንታት ይፈጅበታል፣ ወፍራም ከሆነ ወራት፤ ውስጥ ውስጡን ግን ለዓመታት ሲለወጥ ይኖራል። ቫርኒሽ ለመቀባት ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት መጠበቅ የተለመደውም ለዚህ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሕግ አንድ ነው፦ መድረቁን የጨረሰው ከታች፣ ገና የሚደርቀው ከላይ። ደርቆ ባበቃው አክሪሊክ ላይ የተቀባ ዘይት የሚያርፈው ውሃ ላይ አይደለም፤ ጸጥ ያለ፣ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው፣ ቀለሙን ቆንጥጦ የሚይዝ ሽፋን ላይ ነው።

ሰብሳቢ፦ ሕጉን የሚገለብጡም አሉ። ዘይቱ አልደርቅ ሲላቸው በላዩ አክሪሊክ ቀብተው ዐውደ ርእይ የሚያደርሱ።

ሠዓሊ፦ አሉ። እርስዎ የፈሩት መላጥ የሚመጣውም ከእነሱ ሸራ ነው። ዘይት የነካው ገጽ ቅባታም ነው፤ በውሃ የቀጠነ ቀለም በላዩ ይሸሻል፣ ይጠራቀማል እንጂ አይሰርጽም። ቢይዝ እንኳ የያዘው ላይ ላዩን ነው። ከሥር ያለው ዘይት ደግሞ እየጠጠረና እየተኮማተረ ይሄዳል፤ ከላይ ያለው ፕላስቲክ አብሮት የሚሄድበት ምክንያት የለውም። አንድ ቀን በጥፍር ጠርዙን ቢነኩት እንደ ተለጣፊ ወረቀት ብድግ ይላል። ይህ የሚሠራው ለትልልቅ ቅብ ብቻ አይደለም። በዘይት የተሠራውን ሥዕል ጨርሶ ታች ጥግ ላይ በአክሪሊክ ማርከር የሚፈርም ሠዓሊ አለ። ከዚያ ሥዕል ላይ መጀመሪያ የሚለቀው የሠዓሊው ስም ነው። ዓይን ብሌን ላይ የምትቀመጠዋ ነጭ ነጥብም እንደዚያው፤ ዘይቱ እስኪደርቅ መታገሥ ካልተቻለ ነጥቧን በዘይት ማሳረፍ ወይም አልኪድ በሚባለው፣ አንድ ቀን ገደማ ውስጥ በሚደርቀው የዘይት ዘመድ መሥራት ይቻላል። «ትንሽ ናት፣ ምንም አትል» የሚባል ነገር የለም።

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ ቅደም ተከተሉን ተቀበልኩ እንበል። ታሪክ ግን ከእኔ ጋር ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን የሚያህል ሰው ሚላኖ ውስጥ «የመጨረሻው እራት»ን ሲሥል በዕንቁላል የሚበጠበጠውን ቴምፔራና ዘይትን አንድ ላይ ተጠቀመ። እ.ኤ.አ. በ1498 ገደማ ጨረሰው፤ ብዙም ሳይቆይ መፈርፈር ጀመረ፤ በቀጣዩ ምዕተ ዓመት ያዩት ሰዎች ሥዕሉ ድብልቅልቁ መውጣቱን ጽፈዋል። ከ20 ዓመት በላይ የፈጀው የመጨረሻው ጥገና ያለቀው በ1999 ነው። ሊቁ ካልተሳካለት ለአንቺ እንዴት ይሳካል?

ሠዓሊ፦ ሊዮናርዶን የጣለው ግድግዳው ነው። የግድግዳ ሥዕል በእርጥብ ልስን ላይ ቶሎ ቶሎ መሠራት ነበረበት፤ እሱ ግን ዝግ ብሎ መሥራት፣ መመለስና ማረም ፈለገ፣ ስለዚህ በደረቅ ልስን ላይ ሠራ። ከግድግዳው ውስጥ የሚመጣው እርጥበት ቀለሙን ከኋላ ገፋው። ያንኑ ቀለም በደረቅ ሳንቃ ላይ ቢያውለው ኖሮ ዕጣው ሌላ ይሆን ነበር፤ ይህን በግምት አልልም። በእሱ ዘመን የነበሩ ጣሊያናውያን ከታች ቴምፔራ ከላይ ዘይት እያደረጉ ብዙ ሳንቃ ሠርተዋል። ለንደን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ኮዝሜ ቱራ የተባለው የፌራራ ሠዓሊ በ1450ዎቹ መጨረሻ ገደማ የሠራት፣ ዙፋን ላይ የተቀመጠች ሴት አለች። በኤክስሬይና በቀለም ናሙና ሲመረምሯት ከሥር ሌላ ሥዕል ተገኘ፦ የመጀመሪያው በዕንቁላል የተሠራ፣ በላዩ ያለውና ዛሬ የምናየው ደግሞ በዘይት። ሥዕሏ ከ550 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ የልብሷ እጥፋት እስከ ዛሬ ይንቦገቦጋል። በውሃ የሚሠራ፣ ቶሎ የሚደርቅ፣ ቅባቱ ያነሰ ቀለም ከሥር፤ ቅባታሙና የሚዘገየው ከላይ። እኔ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ሰብሳቢ፦ ዕንቁላልና ፕላስቲክ አንድ አይደሉም። ዘይት ዘመናትን ተሻግሮ ማንነቱን አስመስክሯል፤ አክሪሊክ የትናንት ልጅ ነው። እርጅናውን ያየ ሰው የለም። ያላየሁትን ነገር አስተማማኝ ነው ልትዪኝ አትችዪም።

ሠዓሊ፦ እዚህ ላይ እውነት አለዎት፣ አልከራከርም። ለሠዓሊ የሚሆን በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ 300 ዓመት የሞላው አክሪሊክ አሳዪኝ ቢሉኝ ላሳይዎ አልችልም። ነገር ግን ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ያስቀመጧቸውን ሥዕሎች ልጠይቅዎ። ባለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት የተሠሩት፣ ወረቀታቸው «ዘይት በሸራ ላይ» ብቻ የሚለው፣ ከዘይቱ ሥር ምን አለ? ነጭ መደብ አለ። ያ ነጭ መደብ ድሮ ከእንስሳት ቆዳ በተቀቀለ ሙጫና በኖራ ድንጋይ ዱቄት ነበር የሚዘጋጀው። ሙጫው እርጥበት ሲመጣ ያብጣል፣ ድርቀት ሲመጣ ይኮማተራል፤ በድሮ ሸራዎች ላይ የሚታየው መሰነጣጠቅ አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። በ1955 አሜሪካ ውስጥ ሊኩቴክስ በሚል ስም አክሪሊክ ጄሶ የሚባለው ነጭ መደብ ለሽያጭ ቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ሸራ አብዛኛው በዚሁ ዓይነት ጄሶ የተቀባ ነው። ከሱቅ ሸራ ገዝቶ በዘይት የሚሥል አብዛኛው ሰው፣ ወረቀቱ ላይ ባይጽፈውም፣ ዘይትን በአክሪሊክ ላይ እየቀባ ነው። እኔ የጨመርኩት መደቡን ከነጭ ወደ ቡናማ፣ ወደ ሰማያዊ፣ ወደ ቅርጽ መለወጥ ብቻ ነው። የእኔን ሥዕል አልገዛም ካሉ እነዚያንም ከግድግዳ ማውረድ ይኖርብዎታል።

ጎን ለጎን ስለመጠቀምም ማስረጃ አለ። ሮይ ሊክተንስታይን በ1963 የሠራው «ዋም!» ለንደን ቴት ውስጥ አለ፤ ወርዱ 4 ሜትር ያህል ነው፣ ሙዚየሙ በ1966 ገዝቶታል፣ የተሠራበትም አክሪሊክና ዘይት ተብሎ ተመዝግቧል። እርግጥ ያኔ የተጠቀመው ማግና የተባለ፣ በውሃ ሳይሆን በተርፐንታይን የሚቀጥን አክሪሊክ ስለነበር ከእኔ ጋር ሙሉ በሙሉ አንድ ነው አልልም። ግን ሁለቱ ቀለሞች ባንድ ሸራ ከ60 ዓመት በላይ ኖረዋል።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው የመጨረሻውን ጥይት ልተኩስ። አክሪሊክ እንደ ጎማ ይለመጣል፤ ዘይት እያረጀ ሲሄድ ይደርቃል፣ ይሰበራል። ሸራው በተነቃነቀ ቁጥር ታችኛው አብሮ ሲታጠፍ ላይኛው አይሰነጠቅም? ሠዓሊዎች ራሳችሁ «ቅባታሙ ከላይ፣ ስሱ ከታች» የምትሉት ላይኛው ሽፋን ከታችኛው ይልቅ እንዲለመጥ አይደለም? አንቺ ግን ሕጉን ገልብጠሽዋል።

ሠዓሊ፦ ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያነሳው ያልፋል። ስለ መድረቅ ከሆነ ሕጉን አልገለበጥኩም፤ ቀድሞ የሚደርቀው አሁንም ከታች ነው። ስለ መለመጥ ከሆነ ግን ልክ ነዎት፤ በዚያ መለኪያ አክሪሊኩ ከዘይቱ ይበልጣል። ስለዚህ ነው መጠኑ ላይ የምጠነቀቀው። የታችኛው አክሪሊክ ስስ መሆን አለበት፤ እንደ ሊጥ የተከመረ አክሪሊክ ላይ ዘይት መቀባት የጎማ ምንጣፍ ላይ ሸክላ እንደማንጠፍ ነው። ወፍራም አክሪሊክ ላዩ ቢደርቅም ውሃው ከውስጡ ጨርሶ ለመውጣት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስድበታል፤ በዚያ መሃል ዘይት ከተቀባበት ጣጣው ድርብ ነው። እኔ ስስ አድርጌ እቀባና ቢያንስ ሦስት ቀን አሳድረዋለሁ። ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ ግን ከሥር ያለውን ነገር ግትር ማድረግ ነው፦ ሸራውን በእንጨት ሰሌዳ ላይ መለጠፍ። የማይነቃነቅ ነገር ላይ የተቀመጠ ቀለም ስለ መታጠፍ አይጨነቅም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ የእኛ አገር ጣጣ አለ። አዲስ አበባ የተገዛ ሸራ ብዙ ጊዜ ከፍሬሙ ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ፣ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ስቶክሆልም ይሄዳል። የሚጠቀልለው ሰው ሥዕሉን ለመጠበቅ ብሎ ፊቱን ወደ ውስጥ፣ ጀርባውን ወደ ውጭ ያደርጋል፤ ይህ ዘይቱን ጨፍልቆ ያሸበሽበዋል። ግድ ከሆነ ፊቱ ወደ ውጭ ሆኖ፣ ወፍራም ቱቦ ላይ፣ ላላ ተደርጎ ነው የሚጠቀለለው። አክሪሊኩ ደግሞ የራሱ ጠላት አለው፤ ብርድ። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እየወረደ ሲሄድ ያ እንደ ጎማ ያሉት ቀለም እየገረረ፣ እየተሰባበረ ይመጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አዲስ አበባም ከዚያ በታች ትወርዳለች። ጠዋት በብርዱ የተጠቀለለ ሸራ ቢሰነጠቅ ጥፋቱ የዘይትና የአክሪሊክ ጋብቻ አይደለም። ለመንገድ የታሰበ ሥዕል እኔ ብሆን ትንሽ አድርጌ፣ በሰሌዳ ላይ እሠራዋለሁ።

ሰብሳቢ፦ ስለዚህ መሰንጠቅ ሁሉ ከመደባለቅ አይመጣም ነው የምትዪኝ።

ሠዓሊ፦ ከመደባለቅ ጋር ጭራሽ የማይገናኝም አለ። ዚንክ ነጭን ይውሰዱ። በዘይት ውስጥ ሲገባ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ የሚያምር ነጭ ነው፤ ግን ሽፋኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብስኩት ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ በስሚዝሶኒያን የሚገኙ የሥዕል ጥበቃ ተመራማሪዎች ለዓመታት የቆዩ የቀለም ናሙናዎችን እየጎተቱ ሲለኩ ዚንክ ያለበት ዘይት በትንሽ ጉተታ እንደሚሰበር፣ ከሥሩ ካለው መደብም እየተነሳ እንደሚላቀቅ አይተዋል። አንድ ሠዓሊ አክሪሊክ ላይ ዚንክ ነጭ በዘይት ቀብቶ ሲላጥበት «አክሪሊክና ዘይት አይሆኑም» ይላል። የፈረደው በተሳሳተው ተከሳሽ ላይ ነው። ቲታኒየም ነጭ ቢጠቀም ኖሮ ይህ ሐሜት ባልተነሳ። እንዲሁም ገጹ አለ፤ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ መስተዋት የለሰለሰ የአክሪሊክ ሽፋን ዘይቱን የሚይዝበት ሻካራ ነገር የለውም። መዳፍዎን ሲያሳልፉበት እንደ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ መያዝ አለበት። ርካሽ ነው ተብሎ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም በጄሶ ፈንታ የሚቀባበትም ሸራ አለ። ያ ቀለም የተሠራው ለሳሎን ነው፤ በውስጡ ያለው ማጣበቂያም ሙሊቱም ለሥዕል ታስቦ አልተመረጠም። የማጣበቂያው ጥራት ባልተመሰከረለት ነገር ላይ የተሠራ ሥዕል ከላይ የቱንም ያህል ውድ ዘይት ቢለብስ ዋስትና የለውም።

ሰብሳቢ፦ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ስሰማ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይመለሳል። አንዱን መርጦ መሥራት አይቀልም? ንጹሕ ዘይት፣ ወይም ንጹሕ አክሪሊክ። ውበትም በንጽሕናው ነው።

ሠዓሊ፦ ስለ ንጽሕናው አልስማማም፤ የቱራ ሴት ንጹሕ አይደለችም። ምን እንደማተርፍ ግን እዚሁ ሥዕል ላይ ላሳይዎ። ነጠላ የለበሰች ሴት ናት። ከፊቷ ሥር ያለው ሞቃት ቡናማ በርንት ሲየና ነው፣ አክሪሊክ፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብርሃንና ጥላዋን በሙሉ በእሱ ጨረስኩ። ያንኑ በዘይት ብሠራው ቀጣዩን ሽፋን ለመጣል ሳምንት ሁለት ሳምንት በጠበቅሁ፤ በዚያ ላይ ብዙ ተርፐንታይን በተነፈስኩ። ብዙዎቻችን የምንሠራበትም የምንተኛበትም ክፍል አንድ ነው። ከዚያ ቆዳዋን በዘይት ሠራሁት፤ ከጉንጯ ወደ አንገቷ የሚወርደውን ጥላ ይዩት፣ የት እንደተጀመረ አይታወቅም። አክሪሊክ ቶሎ ስለሚደርቅ ያንን ለስላሳ ሽግግር እሺ ብሎ አይሰጥም፤ የሚያወጡት ሠዓሊዎች አሉ፣ ትግሉ ግን ያስታውቃል። አንገቷ ሥር ባለው ጥላ ውስጥ ያ የታችኛው ቡናማ በስሱ ዘይት አልፎ ይታያል። የነጠላው ጥለት ግን ሹል ጠርዝ ያስፈልገዋል፤ ቀዩና አረንጓዴው መስመር ቀጥ ብሎ እንዲቆም በአክሪሊክ ሠራሁትና አልሸፈንኩትም፣ ዘይቱን እስከ ጫፉ ድረስ አምጥቼ አቆምኩ። በአክሪሊክ ብቻ ብሠራት ጉንጯን፣ በዘይት ብቻ ብሠራት ጥለቱን እከስር ነበር።

ሰብሳቢ፦ ጥለቱ የደነዘዘ ይመስላል፣ ፊቷ ደግሞ ይበራል። በጎን በኩል በብርሃን ሳየው ልዩነቱ ይታወቃል።

ሠዓሊ፦ ይታወቃል። ዘይቱ በደንብ ሲደርቅ አንድ ዓይነት ቫርኒሽ ሲቀባ ይቀራረባሉ፤ ሙሉ በሙሉ አንድ አይሆኑም። አንዳንድ ሠዓሊ ይህን ልዩነት ይወደዋል፣ እኔ አልወደውም። ሌላም የምደብቅዎ ነገር የለም። ከብዙ ዓመት በኋላ ቫርኒሹ ሲቆሽሽ ጠጋኙ በፈሳሽ ያጥበዋል። ያረጀ ዘይት የሚቋቋመውን አልኮል ወይም አሴቶን አክሪሊክ አይቋቋመውም፤ ያብጣል፣ ይሟሟል። ጠጋኙ ጥለቱ አክሪሊክ መሆኑን ካላወቀ ፊቷን አጽድቶ ጥለቱን በጥጥ ጠርጎ ያነሳዋል። በእኔ እምነት የዚህ አሠራር ትልቁ አደጋ መረጃ መጥፋቱ ነው፤ በኬሚስትሪው በኩል የምንፈራው መፍትሔ ያለው ነው።

ሰብሳቢ፦ ታዲያ ወረቀቱ ላይ «አክሪሊክና ዘይት» ብለሽ ጽፈሽ የለም?

ሠዓሊ፦ ወረቀቱ ዐውደ ርእዩ ሲያልቅ ይጣላል። ደግሞም ሁለት ስም ብቻ ነው የያዘው፤ የቱ ከታች እንደሆነ፣ የቱ ሳይሸፈን እንደቀረ አይናገርም። እርስዎም እስከ ዛሬ የገዟቸውን አገላብጠው ቢያዩ አብዛኞቹ ጀርባቸው ባዶ ነው። ይህን ይዩት፣ ከፍሬሙ እንጨት ላይ በእርሳስ ጽፌዋለሁ፦ «ሸራ በሰሌዳ ላይ፤ አክሪሊክ ጄሶ፤ የታችኛው ቅብ አክሪሊክ፤ ቆዳና ነጠላ ዘይት፣ ቲታኒየም ነጭ፣ ዚንክ የለበትም፤ ጥለቱ አክሪሊክ፣ አልተሸፈነም፤ ቫርኒሽ ገና።» ቀኑም አለ።

ሰብሳቢ፦ እወስደዋለሁ። ቫርኒሹን መቼ ነው የምትቀቢልኝ?

ሠዓሊ፦ ከስድስት ወር በኋላ ይዘውልኝ ይምጡ፤ የቀባሁበትን ቀንና የቫርኒሹን ዓይነት እዚያው ሥር እጽፍበታለሁ። እስከዚያ ሌሎቹን ሠዓሊዎችዎንም ይጠይቋቸው፤ በሕይወት ሳሉ፣ ምን በምን ላይ እንደቀቡ በየሥዕሎቻቸው ጀርባ ይጻፉልዎት።